ለባልዲ አልጠምቅም

ኖቬምበር 19 ቀን 1987

ውድ ወንድሜ ሴቲሚዮ፣

ይህን በስልክ ብነግርህ ይቀለኝ ነበር፤ ግን አንተ ስልክ ላይ አንድ ነገር አታስጨርሰኝም። «ፓልሚራ፣ ስሚኝ እንጂ» ትላለህ፣ እኔም እሰማሃለሁ፣ ስሰማህ ስሰማህ ልናገር ያሰብኩት ይጠፋኛል። ዛሬ አንተ ትሰማለህ። ወረቀቱን ቀደህ መጣል ትችላለህ፣ ማቋረጥ ግን አትችልም።

ኋላ ዙሪያ ጥምጥም ሄደች እንዳትለኝ ዋናውን መጀመሪያ ልንገርህ። ለሁለታችን እኩል የደረሰን የላይኛው ማሳ ወይን እንዲነቀል አልፈርምም። አያታችን የተከሏቸው አሥራ አራቱ ረድፎች ባሉበት ይቆያሉ። በአጎታችን በናዛሬኖ ፊት እጄን ሰጥቼ ቃል ገብቼልህ እንደነበር አልረሳሁም። ቃሌን አጥፌያለሁ። ሃምሳ ሁለት ዓመት ስኖር ቃሌን ሳጥፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ አፍሬያለሁ፣ ግን አልጸጸትም።

ነገሩን አንተ ለሰው ስታወራው እንዴት እንደምታወራው ስለማውቅ እኔም በበኩሌ እንደሆነው ልጻፈው። በነሐሴ ለዕረፍት መጥተህ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለን ሐብሐብ እየበላን ነው የጀመርከው። «ቬርዲኪዮ የሚባል ወይን ከዚህ ከማርኬ ወጥቶ ማን ያውቀዋል? በእንስራ ቅርጽ ጠርሙስ ተሞልቶ ባሕር ዳር ለቱሪስት የሚሸጥ ነገር!» አልክ። ነቅለን የፈረንሳዩን ሻርዶኔ እንትከል አልክ። ቬሮና ያሉት የወይን ፋብሪካ አለቆችህ ፍሬውን ገና ሳይተከል ሊገዙን ቃል ገብተዋል አልክ። እኔም ደሜ ፈላ። «የኛ ነጭ ወይን ከየትኛውም የጣሊያን ነጭ ወይን አያንስም!» አልኩህ። ሳቅክ። ያ ሳቅህ ነው ነገሩን ሁሉ ያመጣው።

«እሺ እህት ዓለም» አልከኝ፣ «ከየክልሉ ስድስት ነጭ አመጣለሁ። ያንቺን ጨምረሽ ሰባት ይሁኑ። ስማቸው ተሸፍኖ እቀምሳቸዋለሁ። ያንቺ መጨረሻ ካልወጣ ነገሩን ዳግመኛ አላነሳውም። መጨረሻ ከወጣ ትፈርሚያለሽ።»

«እፈርማለሁ!» አልኩ። አጎታችን የሐብሐብ ፍሬ እየተፉ «ሁለታችሁም አብዳችኋል» አሉን።

ባለፈው ሳምንት የቅዱስ ማርቲን ዕለት፣ አዲሱ ወይን በሚቀመስበት በዓል፣ ከዛኔላ ጋር መጣህ። ዛኔላን እኔ አላውቀውም ነበር፤ የሥራ ባልደረባህ፣ ዝምተኛ፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ነው። እንግዲህ የቤታችንን ወግ ታውቃለህ፤ አባታችን በሕይወት ካሉበት ጊዜ ጀምሮ በዚያ ቀን ወይን ሲቀመስ ጠርሙሶቹ ካልሲ ይለብሳሉ፣ ካልሲው የሚወልቀውም ምሳ ተበልቶ ካበቃ በኋላ ነው። አጎታችን ሰባት ካልሲ ይዘው ሲመጡ ዛኔላ ፊቱ እንዴት እንደሆነ አይተሃል።

«ታጥበዋል፣ እመቤቴን!» አሉት አጎታችን። «አንዱ ብቻ ቀዳዳ አለው፤ እሱም አይሸትም።»

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ በባዶ ሆዳችሁ ምድር ቤት ወረዳችሁ። ሁለት ብርጭቆ፣ ሁለት እርሳስና አንድ ባልዲ ነበራችሁ። እኔ እዚያው ጥግ፣ እንደ ወንበር የምንጠቀምበት የሾላ ግንድ ላይ ተቀምጬ አየሁህ። ሴቲሚዮ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ በዚያች ሰዓት ኮራሁብህ። የመጀመሪያውን አሽተህ «ሶዋቬ፣ ከኮረብታው እንጂ ከሜዳው አይደለም» አልክ። ሁለተኛውን አፍህ ውስጥ ትንሽ ይዘህ «የፍሪውሊ ልጅ፣ የበሰለ የፒር ፍሬ ይሸታል» አልክ። የካምፓኒያውን ፊያኖ በጭሱ አወቅኸው፤ የሰርዴኛውን ቬርሜንቲኖ ምላስህ ላይ በቀረው ጨው። አምስተኛው የኔ ነበር። ስድስተኛውን፣ ከእሳተ ገሞራው ተራራ ከኤትና የመጣውን፣ ስትቀምስ ዓይንህን ጨፍነህ «ይሄ ከአመድ ላይ የበቀለ ነው» ያልከው እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ሰባተኛው ያንተው ሻርዶኔ ነበር፤ ገና ስታሸተው ፈገግ አልክ። አባታችን ቢያዩህ ብዬ ተመኘሁ። ምቀኝነትም ያዘኝ፣ አልደብቅህም፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አምስተኛውን ግን ብርሃን ላይ ከፍ አድርገህ አየኸውና ፊትህን አጨማደድክ። «ቢጫ ነው» አልክ። እንደ ጥርስ ሕመምተኛ ተጉመጠመጥክና ባልዲው ውስጥ እንትፍ አልከው። «ደክሟል፤ ጊዜው አልፎበታል። ይሄን የጠመቀው ሰው ወይ ተኝቷል ወይ ሞቷል።» ዛኔላም አንገቱን ነቀነቀ። እኔ ሳልተኛም ሳልሞትም ከኋላህ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጬ ነበር። ውጤቱን ጽፋችሁ አጣጥፋችሁ ለአጎታችን ሰጣችሁ፣ አጎታችንም ኪሳቸው ከተቱት። መጨረሻ መውጣቴን ወረቀቱ ሳይገለጥ አውቄያለሁ። ጥብሱን ከምድጃ ላወጣ ደረጃውን ወጣሁ።

ከዚያ ምሳ ቀረበ። ጥንቸሏን በእንስላልና በነጭ ሽንኩርት ሞልቼ ጠብሻታለሁ፤ ድንቹ ከሥሯ የወረደውን ስብ ጠጥቷል። ሰባቱ ጠርሙሶች ካልሲያቸውን እንደለበሱ ገበታው መሐል ተደረደሩ፤ ጠዋት ከጀርባችሁ የቀዱላችሁ አጎታችን ስለነበሩ፣ ቁጥራቸውንም ነቅለው ስለያዙት፣ ከኔና ከሳቸው በቀር ማንኛው ማን እንደሆነ የሚለይ አልነበረም። እኔም አልበላሁም። እጅህን ነበር የማየው።

መጀመሪያ ከቀዩ ካልሲ ቀዳህ፣ ጎንጨት አልክና ብርጭቆውን ገፋ አደረግኸው። ከሰማያዊው ቀዳህ። ከዚያ ቀዳዳ ካለው ከግራጫው። ጥንቸሏን ጎረስክ፣ ከግራጫው ጠጣህ፣ እንደገና ጎረስክ። ከዚያ ስለ ቬሮና ማውራት ጀመርክ፤ ስለ አለቃህ፣ ስለ አዲሱ መኪናህ። እያወራህ እጅህ ተነስቶ ይሄዳል፣ ግራጫውን ያነሳል፣ ይቀዳል። ዛኔላም «ይቅርታ፣ ያንን ካልሲ» እያለ ሁለት ጊዜ ለመነህ። ቀዩ ከነሙሉነቱ ቀረ። አይቡ ሲቀርብ ግራጫውን ብርጭቆህ ላይ ዘቅዝቀህ አራገፍከው።

«እንዴ! አልቋል?» አልክ።

«አልቋል፣ ልጄ» አሉህ አጎታችን፣ «ጨረስከው እኮ።»

ከዚያ ወረቀቱ ተነበበ። አንደኛ ሻርዶኔ፣ ሰባተኛ ቁጥር አምስት። አጎታችን ካልሲዎቹን አንድ በአንድ አወለቁ። ቀዩ ያንተው ሻርዶኔ ነበር። ግራጫው ባዶ ነበር፣ ከሥሩም የኔ እጅ ጽሑፍ ወጣ፤ የላይኛው ማሳ፣ 1981።

የዚያን ጊዜ ፊትህን ዕድሜዬን ሙሉ አልረሳውም። መጀመሪያ ቀላህ። ከዚያ እኔ ያሳደግኩት ወንድሜ፣ አፍንጫህን የጠረግኩልህ ልጅ፣ ምን አልክ? «እየበላሁ ስለነበረ ነው። ምግብ ሁሉንም ያጣፍጣል። ውጤት ማለት ወረቀቱ ላይ ያለው ነው።» አጎታችን «አንተ ልጅ፣ ትንሽ እንኳ አይሰማህም?» ሲሉህ «ቃል ቃል ነው አጎቴ፤ ማክሰኞ ውል አዋዋዩ ጋ» አልካቸው። እኔም ከድንጋጤዬ የተነሳ «እሺ» አልኩ። ዛኔላ ሊሄድ ሲል እጄን ጨብጦ «ወይዘሮ፣ የግራጫው ሌላ ጠርሙስ ይኖርዎት ይሆን?» አለኝ። አንተ መኪናውን እያስነሳህ ስለነበር አልሰማህም። ሁለት ሰጠሁት።

እንግዲህ ልጠይቅህ። በባዶ ሆዱ፣ በጠዋት፣ ምድር ቤት ቆሞ፣ አፉን በወይን ተጉመጥምጦ የሚተፋ ሰው በዚህ አገር ማን አለ? ካንተና ከመሰሎችህ ሌላ ማን? ሶዋቬው በሩዝ፣ ቬርሜንቲኖው በዓሣ፣ የኔው በጥንቸል እንዲጠጣ ነው የተሠራው። አንተ የፈረድከው ሰው ገበታ ላይ በማይጠጣበት መንገድ ነው፤ ስትጠጣ ግን እጅህ ፈረደልኝ። እኔ ለባልዲ አልጠምቅም፣ ሴቲሚዮ! እንደ እናንተ በሚያቀዘቅዝ የብረት ጋን ውስጥ አንቆ፣ አጣርቶ፣ ውሃ አስመስሎ፣ በዓመቱ ካልተጠጣ የሚሞት ወይን ማድረግ አያቅተኝም።

አዎ፣ አያቅተኝም። አሁን ያቆየሁትን ልናገር ነው። አንተ ወደ ሰሜን ወደ ወይን ትምህርት ቤቱ ስትሄድ እኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። አባታችን «ገንዘቡ ለአንድ ሰው ነው የሚበቃው» ሲሉ ማንኛችን እንደምንሄድ የጠየቀ አልነበረም። ሻንጣህን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ለዕረፍት ስትመጣ ደብተሮችህን ኩሽናው ቁምሳጥን ላይ ወርውረህ ከጓደኞችህ ጋር ባሕር ትወርድ ነበር። እኔ አነበብኳቸው። ሁሉንም፣ ሁለት ሁለት ጊዜ። ያልገባኝን በእርሳስ እየጻፍኩ ለብቻዬ አስቀምጥ ነበር፤ አንተን ግን አንድ ቀን አልጠየቅኩህም፣ ትስቅብኛለህ ብዬ። ስትቀምስ አይቼህ የቀናሁት ለዚህ ነው። እዚያ ወንበር ላይ እኔም ልቀመጥ እችል ነበር።

ስለዚህ እህቴ ገበሬ ናት፣ የምታደርገውን አታውቅም እንዳትል። አውቄ ነው የማደርገው። ወይኑን ዘግይቼ የምለቅመው፣ ቆዳው ወርቅ እስኪመስል የምጠብቀው አውቄ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በሲሚንቶው ገንዳ ውስጥ ከነአተላው የምተወው አውቄ ነው። መጨረሻው ላይ የምትቀረው ምሬት፣ የኮክ ፍሬ ሰብረህ ውስጧን ስታኝካት የምትቀምሳትን የምትመስለው፣ የላይኛው ማሳ ምሬት ናት፤ የትም አላገኘኋትም። በደብተርህ መንገድ የሠራሁት አንድ ትልቅ የጠርሙስ ጋን ወይን እንኳ ነበረኝ፤ ነጭ፣ ቀጭን፣ ሽታው እንደ ሙዝ ከረሜላ። አጎታችን «እሱን ቀድተሽ ካልሲ አልብሽው፣ የራሱን ደብተር ሲቀምስ አንደኛ ያደርገዋል፣ አንቺም ትገላገያለሽ» ብለውኝ ነበር። እምቢ አልኩ። ቢያሸንፍልኝስ ምን ያደርግልኛል? በማላምንበት ወይን ማሳውን ከማድን በማምንበት ልሸነፍ አልኩ። ተሸነፍኩ። አሁንም አምንበታለሁ።

ቃል ማጠፍ ግን ያስከፍላል፣ ያንን አልክድም። ማክሰኞ ውል አዋዋዩ ጋ ሄጃለሁ። አንተ ዘግይተህ ከቬሮና ስትነሳ እኔ በጠዋቱ ጨርሼ ወጥቼ ነበር፤ ስትደርስ የማሳው ወረቀት ሳይፈረም ከአንድ ፖስታ ጋር ጠበቀህ፤ ፖስታውን ግን ሳትከፍት እየተሳደብክ መውጣትህን ውል አዋዋዩ ነግሮኛል። እባክህ ተመልሰህ ክፈተው። ያቺ ከወንዙ ዳር ያለች፣ አባታችን ለኔ ለብቻዬ የተዉልኝ የታችኛዋ መሬት አለች አይደለም? ውሃ የሚደርሳት፣ ትራክተር የሚገባባት፣ ሻርዶኔ ሊበቅልባት የሚችል። ለአንተ ሰጥቻታለሁ። ፈርሜያለሁ፤ የቀረው ያንተ ፊርማ ብቻ ነው። በምትኩ ምንም አልጠየቅኩህም፣ የላይኛውን ግማሽህን እንኳ አልጠየቅኩም። ለታጠፈው ቃሌ የከፈልኩት ነው፤ ከዚህ በኋላ ዓይንህን ሳላፍር አየዋለሁ።

አጎታችን ሲሰሙ «አንቺ ሴትዮ፣ ያለሽን ሁሉ እኮ ሰጠሽው!» ብለው ጮኹብኝ። ልክ ናቸው። ልትከሰኝ ከፈለግክ ክሰስ፤ ጠበቃ ያዝ፣ ፍርድ ቤት አቁመኝ፣ እመጣለሁ። ትናንት ጠዋት የመጀመሪያውን ረድፍ ቅጠሉ ሳይረግፍለት መግረዝ ጀምሬያለሁ። ገና ነው፣ በጥር ነው የሚገረዘው ትለኛለህ፤ አውቃለሁ። የተገረዘ ወይን አይተህ ለመንቀል እጅህ እንዲከብድ ብዬ ነው። ከእንግዲህ ከነዚያ አሥራ አራት ረድፎች ግማሽ በቀር በዚህ ዓለም የኔ የምለው አንድ ክንድ መሬት የለኝም፣ ሴቲሚዮ። የምሄድበት የለኝም፤ ስለዚህ ከዚያ አልሄድም።

እህትህ
ፓልሚራ