አራት ላይ የቆመ ፊሽካ

ሴፕቴምበር 6፣ 1972፣ ረቡዕ

ዝናብ። የፀጉር ማስተካከያ ሱቄ ጭር ብሏል። እስከ ምሳ ድረስ ሦስት ራስ ብቻ... አንደኛው ራሰ በራ ነው፣ ለወሬ ነው የመጣው።

ሚስቴ ኤኒድ እንዳኮረፈች ነው። በእንቅልፌ «አራት!» ብዬ ጮኼ በክርኔ ጎኗን ደቁሻታለሁ።

«ምኑን ነው የምትቆጥረው?»

«ሰው ሲወድቅ።»

«ታዲያ እኔን ምን አደረግኩ ብለህ ትጥለኛለህ?»

ምን ልበላት? ስድስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ራግቢ እየዳኘሁ ሜዳ ላይ አራት ስቆጥር ኖሬያለሁ። ኳስ የያዘው ተይዞ ሲወድቅ አንድ። ተነስቶ ኳሱን በእግሩ ወደ ኋላ ለጓደኛው ይለቃል፣ ያም ሲወድቅ ሁለት... አራት ላይ ፊሽካ። ከዚያ ግፊያ ነው፤ የሁለቱም ወገን ወፋፍራሞች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ለኳሱ ይጋፋሉ። ዘንድሮ አለቆቻችን «ከእንግዲህ ስድስት ነው» አሉ። ለማለት ቀላል ነው። ምላሴ ግን አራት ላይ ስትደርስ መንገዱን እንደለመደ የጋሪ ፈረስ ቀጥ ትላለች።

ሴፕቴምበር 9፣ ቅዳሜ

የፈራሁት ደረሰ። የሰፈር ቡድኖች ጨዋታ ላይ አራት ብዬ ነፋሁት። አንዱ ግንድ የሚያክል ሰውዬ፣ «ጌታው፣ አዲሱ ሕግ እናንተ ቤት አልደረሰም እንዴ?» አለኝ። ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። «የተነፋ ተነፍቷል፣ ግፊያ!» ብዬ አለፍኩት።

ሆዴ ግን አልሳቀም። የሰፈር ጨዋታ ነው፣ ይረሳል። ትልቅ ጨዋታ ላይ ቢሆንስ?

ሴፕቴምበር 13፣ ረቡዕ

ጋሽ ኢፍራይም ሊላጩ መጡ። የድሮ ዳኛ ናቸው፣ ሰማንያን አልፈዋል። እኔ ፊሽካ የያዝኩት እሳቸው ሲያጫውቱ አይቼ ነው። ምላጩ ጉሮሯቸው ላይ እያለ እንኳ ወሬ አያቆሙም... አንድ ቀን ጉድ እሆናለሁ።

«ስድስት በዛብኝ ትላለህ? በእኛ ጊዜ ቁጥር የሚባል ነገር የለም! ኳስ የያዘ ያዘ ነው። አንድ ፍጻሜ ላይ የሃርትሊ ብሪጅ ቡድኖች ኳሷን አንለቅም ብለው፣ ባለቤቴ ሹራብ ጀምራ ሁለቱንም እጅጌ ጨረሰች።»

ከዚያ እንደ ልማዳቸው ወደ ጥንቱ ሄዱ። የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ቅዳሜ ሊጫወት ከሥራ ሲቀር ደሞዙ ይቆረጥ እንደነበር። የሰሜን ክለቦች እንካሰው ሲሉ፣ የደቡብ ጌቶች «ለገንዘብ የሚጫወት ጨዋ አይደለም» እንዳሉ። «በቃ! ተለያየን። የሸለቆው ዋንጫ ያኔ የተቋቋመ ነው። ጦርነት ካልሆነ በቀር ያቋረጠው የለም።»

ሲወጡ በር ላይ ዞር ብለው፣ «ስማ ሲሪል፣ ዳኛ የነፋውን አይመልስም። ከተሳሳትክም ፊትህን ኮስተር አድርገህ ተሳሳት» አሉኝ።

ሴፕቴምበር 28፣ ሐሙስ

ስልኩን እንዳስቀመጥኩ ነው የምጽፈው።

የዳኞች ኮሚቴው ጸሐፊ ክራብትሪ ደወለ። የሸለቆው ዋንጫ ፍጻሜ፣ ኦክቶበር 21። ዳኛው እኔ!

አሥራ ስምንት ዓመት ሳጫውት ፍጻሜ ሰጥተውኝ አያውቁም። በጃንዋሪ ሃምሳ ይሞላኛል፣ በሃምሳ ደግሞ ፊሽካ ይሰቀላል። ስለዚህ የመጀመሪያዬም የመጨረሻዬም ነው።

«የሚጋጠሙት እነማን ናቸው?» አልኩት።

«ሃርትሊ ብሪጅና ካውድንሾ።»

ካውድንሾ! ከሁሉም ከተማ እነሱ? በ1921 ፍጻሜ ጋሽ ኢፍራይም የካውድንሾን የማሸነፊያ ነጥብ ሻሩ። ልክ ነበሩ? አልነበሩም? ማን ያውቃል። የካውድንሾ ልጅ ግን ከስሙ ቀጥሎ የሚማረው ይህንኑ ነው። ከዚያ ወዲህ ዋንጫ በልተው አያውቁም፤ ሲሸነፉም ሁሌ ጥፋቱ የዳኛው ነው። ጋሽ ኢፍራይምም እስከዛሬ በዚያ በኩል የሚያልፍ አውቶቡስ አይሳፈሩም።

ኤኒድ አቅፋኝ አለቀሰች። ከዚያ፣ «አምስትና ስድስትን አደራ» አለች።

ሴፕቴምበር 30፣ ቅዳሜ

ዛሬ አንዴም አልተሳሳትኩም። ተመስገን። አሁን ደግሞ ሰባት እንዳልል ነው የምፈራው።

ኦክቶበር 7፣ ቅዳሜ

ተሳሳትኩ። ሁለቴ። ሲደክመኝ ነው፣ መጨረሻው አካባቢ። ማታ ኤኒድ ጨጓራ በሽንኩርት ሠርታ ጠበቀችኝ፣ አልበላልህ አለኝ።

ኦክቶበር 11፣ ረቡዕ

ለጋሽ ኢፍራይም ነገርኳቸው። ለሌላ ለማን ይነገራል?

«አትቁጠር» አሉኝ። «ቁጥር ይጠፋል። ስም አውጣላቸው። ሰው አይጠፋም።»

የማን ስም? ኤኒድ ጋር ተማከርን። እነሱ ስድስት እህትማማቾች ናቸው፣ ከላይ እስከ ታች አዳ፣ ቤሲ፣ ክላራ፣ ኤኒድ፣ ፍሎሪ፣ ዊኒ። ዊኒ ስትወድቅ ፊሽካ!

«እህቶቼን ጭቃ ላይ ልትጥላቸው ነው?» አለች።

«አዳን በደስታ ነው የምጥላት» አልኳት። ፎጣ ወረወረችብኝ።

እስኪ ይሞከራል። ቀኑን ሙሉ ምላጩን ጠፍሩ ላይ ሳፋጭ አዳ፣ ቤሲ፣ ክላራ... ደንበኛ ሁሉ እብድ ነው ብሎ ያየኛል።

ኦክቶበር 14፣ ቅዳሜ

ሠራ! ሰማንያ ደቂቃ ሙሉ ሠራ።

ኦክቶበር 18፣ ረቡዕ

ሱቁ ሞልቶ ዋለ። የሁለቱም ከተማ ሰው አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ይነካከሳል።

«እናንተ ካውድንሾዎች ዋንጫ ስትበሉ ይቺ ንግሥት ተወልዳ ነበር?»

«ዳኛ ሲገኝ እንበላለን።»

ከዚያ ሁሉም እኔን ማየት። መቀሴ ቆመ። ወንበሩ ላይ ያለው ሰውዬ፣ «ኧረ ሲሪል፣ የኔን ጆሮ ለነሱ ብለህ እንዳትቆርጠው!» አለ።

ካውድንሾዎቹ የሚያወሩት ስለ ካፒቴናቸው ስለ ዊልፍ ጋርሳይድ ብቻ ነው። ከሰል ቆፋሪ ነው፣ ሠላሳ አራት ዓመቱ። አባቱ የ1921ዱን ፍጻሜ ተጫውቶ የተሸነፈ ነው። «ዊልፍ ካልበላልን ማንም አይበላልንም» ይላሉ።

ኦክቶበር 20፣ ዓርብ

ነገ ነው። ጫማዬን ሁለቴ ጠረግኩ። አዳ ቤሲ ክላራ ኤኒድ ፍሎሪ ዊኒ።

ኦክቶበር 22፣ እሑድ

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም። ዛሬም እጄን ይከብደዋል። ግን ካልጻፍኩት ከውስጤ አይወጣም።

ሰው ጢም ብሎ ነበር። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት። ጨዋታው ግን ከብዙ ዓመት ወዲህ ያላየሁት ዓይነት፤ ክፋት የለበት፣ ልፍስፍስነት የለበት። እኔም... እንዴት ልበለው፣ ክንፍ አውጥቼ ነበር። ስሞቹ ራሳቸው ይመጡልኛል። ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ሃርትሊ ብሪጅ ዘጠኝ፣ ካውድንሾ ሰባት። ካውድንሾ አንዴ መስመሩን አልፎ ኳሱን መሬት ካስነካ ሦስት ያገኛል፣ ዋንጫው የሱ ነው።

ኳሱን ይዘው እየገፉ መጡ። አዳ። ቤሲ። ሕዝቡ ጩኸቱ መሬቱን ያንቀጠቅጠዋል። ክላራ፣ መስመሩ እዚያው ነው። አንድ ቀይ ፀጉር ያለው ልጅ ሦስት ሰው ተጭኖት ወደቀ። ኤኒድ...

ነፋሁት።

ኤኒድ ላይ ቆምኩ! ያው እንደ ድሮው። ሃያ አምስት ዓመት ከሷ አልፌ የማላውቅ ሰው።

ጉድ ያልኩት ደግሞ ምን ላይ ነው... ማንም አልጮኸም። እነሱም ስድስት ዓመት አራት ሲቆጥሩ የኖሩ ናቸው። የሁለቱም ወገን ወፋፍራሞች እያለከለኩ ለግፊያ መሰባሰብ ጀመሩ። የመስመር ዳኞቹም ዝም። ሕዝቡም ዝም። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል መሳሳቴን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ዝም ብል ያልፍ ነበር። ዛሬ ጋዜጣው ሁሉ ያመሰግነኝ ነበር። የጋሽ ኢፍራይም ድምፅ ጆሮዬ ላይ አለ፣ ዳኛ የነፋውን አይመልስም። የቀይ ፀጉሩን ልጅ አየሁት፤ ጭቃውን ከዓይኑ እየጠረገ ነው፣ እንደተቀማ እንኳ አያውቅም። ያን ጊዜ አፈርኩ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

እጄን አነሳሁ። «ተሳስቻለሁ። ገና አራተኛው ነው። ኳሱ የካውድንሾ ነው።»

የሃርትሊ ብሪጁ ካፒቴን ፊቴ ላይ ተደቀነ። «ግፊያ ብለሃል! ሰው ሁሉ ሰምቷል!»

«አዎ ብያለሁ። ተሳስቼ ነው።»

«ዳኛ አይሳሳትም!»

«ይሄኛው ተሳስቷል።»

ከዚያማ ቁጣ ነው። ግማሹ ሜዳ «ሌባ!» ይላል፣ ግማሹ ከት ብሎ ይስቃል። አንድ ብርቱካን ትከሻዬን መታኝ። ኳሱን ለልጁ መለስኩለት፣ ጨዋታ ቀጠለ። ፍሎሪ ተይዛ ወደቀች። አንድ ብቻ ቀረ። ኳሷ ወደ ዊልፍ ጋርሳይድ ተወረወረች፤ ከፊት ለፊቱ ባዶ ነው፣ የሚይዘው ሰው የለም፣ መስመሩ ሁለት እርምጃ...

ከእጁ አመለጠች።

ማንም አልነካውም። እንዲሁ ጣላት። ብዙም ሳይቆይ የመጨረሻውን ነፋሁ። ዘጠኝ ለሰባት።

ቤት ስገባ ኤኒድ ሁሉንም ሰምታለች። «እኔ ላይ ቆምክ አይደል?» አለች። አዎ አልኳት። ሻይ ቀዳችልኝ።

ኦክቶበር 23፣ ሰኞ

«ሲሪል፣ ስንት ጆሮ አለኝ? ቁጠርልኝ እስቲ!» አራት ሰው እንዲህ አለኝ። ወይስ ስድስት? ይኸው፣ እኔም ራሴን ጀመርኩት።

ጋዜጣው «ቆጠራ ያቃተው ዳኛ» ብሎ ጽፏል።

ኦክቶበር 26፣ ሐሙስ

ክራብትሪ ደወለ። ድምፁ ለቅሶ ቤት የሄደ ሰው ድምፅ ነው።

«ስህተቱን እንኳ ይቅር ይሉህ ነበር፣ ሲሪል። አደባባይ ላይ ‹ተሳስቻለሁ› ማለትህ ነው። ከእንግዲህ የትኛው ካፒቴን ነው ፊሽካ የሚያከብር?»

ከስም ዝርዝር አውጥተውኛል። እስከ ጃንዋሪ እንኳ አልጠበቁኝም። የሚረባ ነገር ለውጬ ቢሆን ምናለ! ውጤቱ እንደሆነ ያው ነው። ዝም ብልም ይሸነፉ ነበር፣ ባልልም ተሸነፉ። ለምኑ ነው ራሴን የገደልኩት?

ከሰዓት ጋሽ ኢፍራይም መጡ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ተላጭተው እስኪጨርሱ አንድ ቃል አልተነፈሱም። እሳቸው! ከዚያ ኮታቸውን እየለበሱ፣ «ሁለቱም ወገን ሰደበህ?» አሉኝ።

«ሁለቱም።»

«እኔን አንዱ ብቻ ነው የሰደበኝ» አሉና ወጡ። ቅናት ይሁን ሐዘን አልገባኝም።

ኖቬምበር 11፣ ቅዳሜ

ቅዳሜ ከሰዓት ሱቅ ስከፍት በአሥራ ስምንት ዓመት የመጀመሪያዬ ነው። ሰው ሁሉ ጨዋታ ሄዷል። ጋዜጣ ሳገላብጥ በሩ ተከፈተ... ዊልፍ ጋርሳይድ።

ደነገጥኩ። ሊመታኝ የመጣ መሰለኝ፤ እጁ አካፋ ነው የሚያክለው። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ።

«ዛሬ ጨዋታ የላችሁም?» አልኩት።

«እነሱ አላቸው።»

ጨርቁን አለበስኩት። ማጅራቱ ላይ የከሰል ጠባሳ አለ፣ ሰማያዊ። ቆረጥኩ፣ ቆረጥኩ። ከዚያ በመስታወቱ ውስጥ አየኝ።

«አባቴ እስኪሞት ድረስ ሽማግሌውን ዳኛ ኢፍራይምን ሲሰድብ ኖረ» አለ። «ራት ላይ ይሰድበዋል፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ይሰድበዋል። ሲሞት እንኳ እሱን እየሰደበ ነው የሞተ። ደስ ብሎት ነው የሞተ።»

ማበጠሪያውን አነሳሁ።

«አንተም ዝም ብትል ኖሮ እኔ እስክሞት አንተን እሰድብ ነበር። ከተማው በሙሉ ከኔ ጋር ይሰድብህ ነበር። ዝም አልልም አልክ። ኳሱን መልሰህ እጄ ላይ አስቀመጥክልኝ። አሁን ቤት ስገባ ሚስቴ አታየኝም፣ ጉድጓድ ስወርድ ሰው አያናግረኝም። ታዲያ እኔ ማንን ልስደብ?»

ያን ቀን እውነቱን ስናገር ሸክሜን ያወረድኩ መስሎኝ ነበር። ለካ እሱ ላይ ነው ያወረድኩት። ግን አሁንም ቢሆን... አሁንም ቢሆን እናገር ነበር። ይህን ለሱ እንዴት ይሉታል?

«እኔን ስደበኝ» አልኩት። «ለምጄዋለሁ። ሁለት ከተማ ነው የሚሰድበኝ፣ አንድ ሰው ቢጨመር አይከብደኝም።»

መቀሱን አስቀምጬ ጠበቅኩት። የምሬን ነው፣ እንዲሰድበኝ ፈልጌ ነበር።

አፉን ከፈተ። ዘጋው። እንደገና ከፈተ።

«እንቢ አለኝ» አለ።

ከጨርቁ ስር ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ወንበሩን ከመስታወቱ አዞርኩለት፣ ሄጄም በሩን ቆለፍኩ።