የኢየሩስ ጫማ

እትዬ ብርቅዬ፣ የደሴ ብርድ እንዴት አደረገዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ዛሬ ጠዋት ሩት፣ የልጄ የኢየሩስ ጓደኛ፣ ብቻዋን በባጃጅ መጥታ በሩን ስትደበድበው ክው አልኩ። አራት ቀን እሷና ኢየሩስ ከሌሎች ጋር በኦሞ ወንዝ፣ በገደሉ መሃል፣ በላስቲክ ጀልባ ሲቀዝፉ ነበር አለች። እኔ እኮ አርባ ምንጭ ሥልጠና ላይ ናት ብዬ ነው! ትናንት ጀልባው ተገልብጦ ሁሉም ወጡ፤ ኢየሩስን ግን እየፈለጓት ነው።

«አባባ፣ እሷ እኮ በዋና እኔን ታስከነዳኛለች» ብላ መኪና ላይ የቀረውን ጫማዋን ሰጠችኝ። ጠርጌ በሩ ሥር አስቀመጥኩት።

አንደኛ፣ ሐይቅ ዳር ያደገች ልጅ ናት። ሁለተኛ፣ የመንሳፈፊያ ጃኬት ለብሳለች። ሦስተኛውን ሳስታውስ እጽፍልዎታለሁ። ጣሪያው ተጠግኗል፤ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ገበያም ዓሣ ረክሷል።

ቤተሰቡን ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ፤ በጸሎትም አይርሱን። ታናሽ ወንድምዎ ክብሩ ነኝ። ኢየሩስ ስትመለስ በእጇ የምታስገባው ጃንጥላ ለገብርኤል ተስያለሁ። ስለቱ ገና አልተከፈለም።