ከአባባ ጋር ጥንድ ሆኜ የተጫወትኩበት ቀን

ይድረስ ለውድ ወንድም ጋሼ ያሱኖሪ፤
ሎንድሪና፣ ብራዚል

ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? ወገብህስ ተሻለህ ወይስ ዛሬም ግድግዳ ይዘህ ነው የምትነሣው? ባለቤትህ ቴልማ እንዴት ናት? ልጃችሁ ኬንዞስ በትምህርቱ በረታ? ቁመቱ በሩን አልፏል ብላ ቴልማ የጻፈችውን ለደንበኞቼ ሁሉ አውርቻለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ፀጉር ቤቴም እንደ ወትሮው ነው፤ ደንበኛ ቢጠፋ ወሬ አይጠፋም። እዚህ ሃቺኖሄ ብርዱ ገብቷል፤ ማሞቂያውን ካወጣሁት ሳምንት አለፈኝ።

ስለ አባባ ባለፈው ደብዳቤዬ «ደህና ናቸው» ብዬህ ነበር። ዋሽቼሃለሁ፣ ይቅር በለኝ። በስልክም «ድምፃቸው እንደ ድሮው ነው፤ ከርሞ ኬንዞ ሲመረቅ እንመጣለን» ስትለኝ አላረምኩህም። እኔም ማመን አልፈለግሁም ነበር። ከአራት ዓመት በፊት የዘጋነውን የማጆንግ ድንጋይ መጫወቻ ቤታችንን ሊከፍቱ ቁልፍ ይዘው ሲወጡ፣ ድሮን ናፍቀው ነው አልኩ። የጎረቤቱን በር ሲታገሉ ሳገኛቸውም ሌላ ምክንያት ፈለግሁ። በመጨረሻ፣ አባባ አሁንም አባባ መሆናቸውን ለከተማው ሰው፣ ይልቁንም ለራሴ ላሳይ ብዬ፣ በዘንድሮው የማጆንግ ውድድር ጥንድ ሆነን እንድንጫወት አስመዘገብኩ። ሐሳቡ የእኔ ነው፤ ጥፋቱም የእኔ ነው።

ጠዋት ጢማቸውን ላጭቼ፣ ያንን ቡናማ ክራቫታቸውን አሰርኩላቸው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጨዋታዎች ብታይ! ድንጋዩን ሲያነሡ ገና ሳያዩት በአውራ ጣታቸው ዳብሰው ብቻ ይለዩታል፤ የማይፈልጉትን ወዲያው ይጥሉታል። አንድም አልተሳሳቱም። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፤ ሁለት ጊዜ አፍጥጠውብኛል፣ ማፍጠጣቸውን ታውቀው የለ።

ለፍጻሜው ከማን ጋር ደረሰን መሰለህ? ከዓሣ ነጋዴው ከኒይዳና ከአማቻቸው ጋር። አባባንና ኒይዳን፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንደ አይጥና ድመት የኖሩትን፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ አገናኟቸው። ኒይዳ ገና ሳይቀመጡ፣ «ምነው ሴት ልጅህን ይዘህ መጣህ? ብቻህን መሸነፉ አሳፈረህ እንዴ?» አሉ። አባባም፣ «አንተ ይልቅ እጅህን ታጠብ፤ የዓሣህ ሽታ ድንጋዩ ላይ ከቀረ አይለቅም» ብለው መለሱላቸው። አዳራሹ ሳቀ። እኔም እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ፤ ይኸው አባባ፣ ምን ሆኑ ነው የሚባለው አልኩ በልቤ።

እንደምታውቀው ጥንዶች ፊት ለፊት ተቀምጠን ነጥባችን ይደመራል እንጂ መነጋገርም መጠቃቀስም አይፈቀድልንም። እስከ መጨረሻው ዙር ድረስ እየመራን ነበር። የኒይዳ አማች ሦስት ክብ ያለበትን ድንጋይ ጣለ። አባባ «ሮን! አለቀ፣ አሸነፍን!» ብለው ድንጋዮቻቸውን ገለበጡ። የሚያምር ስብስብ ነበር። ነገር ግን እሳቸው ራሳቸው ጥለው ከፊታቸው በደረደሯቸው ድንጋዮች መካከል ያው ሦስት ክብ ቁጭ ብሏል። አንተና እኔ ፊደል ሳንቆጥር የተማርነው ሕግ ነው፦ አንተ ራስህ የጣልከውን ድንጋይ ሌላው ቢጥለው ልታሸንፍበት አትችልም። ይህን ለከተማው ግማሽ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

ኒይዳ አዩት። ማየታቸውን አየሁ። አማቻቸው አፉን ሊከፍት ሲል ከጠረጴዛው ሥር ረገጡትና፣ «ነጥቡን ክፈል እንጂ፣ ምን ያፈዝሃል!» አሉት። «አባባ፣ ሦስት ክብ ጥለዋል» ያልኩት እኔ ነኝ። ባላጋራቸው ዝም ሲሉ የገዛ ልጃቸው ተናገርኩ። ስህተት አይቶ ዝም ያለ ከአጭበርባሪ አይለይም ብለው ያሳደጉን እሳቸው ናቸው ብዬ ልጽናና እችላለሁ። እውነቱን ልንገርህ ግን፣ ተናድጄባቸው ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ የፈራሁትን ነገር በሰው ፊት ስላሳዩኝ ተናደድኩ።

አባባ ጣታቸውን ድንጋዩ ላይ አደረጉ። ከዚያ ቀና ብለው፣ አይቼባቸው በማላውቀው ፊት፣ «ይህን እዚህ ማን አስቀመጠው?» አሉ። ኒይዳ፣ «እኔ ነኝ። እጄ ስቶ ነው፣ ይቅርታ አድርግልኝ» አሉ። ሠላሳ ዓመት አንዲት ነጥብ ያልማሯቸው ሰውዬ!

ዳኛው መጥቶ ቅጣቱን ጻፈ፤ በዚያው ተሸነፍን። አባባ ግን ይህን ልብ አላሉም፤ ያሸነፍን መስሏቸዋል። አውቶቡስ ውስጥ «ኒይዳ አርጅቷል፤ የጣለውን የት እንደሚያስቀምጥ እንኳ ጠፋው፣ ምስኪን» እያሉ ሲያዝኑላቸው፣ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። በማግሥቱ ኒይዳ ዓሣ ይዘው መጥተው ከበራፍ «ትናንት ጉድ ሠራኸኝ! እንኳን ደስ ያለህ!» ብለው ጮኹ። ልሸኛቸው ስወጣ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያንን ወንድምሽን ጥሪው፤ ከርሞ ምናምን አትበሉ» አሉኝ።

ስለዚህ እባክህ ወንድም ጋሼ፣ የኬንዞን ምረቃ አትጠብቅ። ለአዲሱ ዓመት ብቻህንም ቢሆን ና። አባባ ስምህን ዛሬ ያውቁታል፤ ለከርሞው ዋስ አልሆንም። እኔም ብቻዬን አልቻልኩም። ስደውል የማልነግርህ አጠገቤ ስለሚሆኑ ነው።

ቴልማን ሳምልኝ፤ የላከችው ካልሲ ልኬ ነው፣ አድርጌዋለሁ። ኬንዞን አክስትህ በርታ ብላሃለች በለው። ለቴልማ እናትም ጉልበታቸውን እንዲያሽራቸው ተመኝቻለሁ በልልኝ። ኒይዳም ሰላም ብለውሃል። አባባ አጠገቤ ተቀምጠው ደብዳቤው ለማን እንደሆነ ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ። ለያሱኖሪ ነው ስላቸው፣ «በይ እንግዲያው ማሸነፋችንን ጻፊለት» አሉ። እስካሁን እንኳን ደስ ያለዎት ያላልኳቸው እኔ ብቻ ነበርኩ።

አሸንፈናል፣ ወንድም ጋሼ።

እህትህ ቺዙሩ
ሃቺኖሄ፣ ኖቬምበር 19 ቀን 2006