የቆረጥሁት ንግግር

ሰኞ

አጎቴን በእጅ ጨበጥኋቸው። በእጅ!

አያ ተሰማ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ፍኖተ ሰላም ስማር ከማንኩሳ ገጠር ስንቄን በአህያ እየጫኑ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ዛሬ ኮሪያዊውን የበርበሬ ባለሙያ ሚስተር ሆንግን ይዤ፣ ለሙከራ እርሻ ሊሰጡን ካሰቡት መሬት ስደርስ፣ የተቀደደ ቦቲ ጫማቸውን እንዳደረጉ እጃቸውን ዘርግተው ሊስሙኝ መጡ። እኔ መታወቂያ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ፀጉሬን ተተኩሼ። እጄን ሰደድሁላቸው። ወዲያው ገባቸው። «እንደምን አደሩ፣ አስተርጓሚዋ» አሉኝ። አንቱ አሉኝ እኮ! አጎቴ መሆናቸውንም ለሚስተር ሆንግ አልተነፈስሁም።

«መሬቱን ሁሉ ማረስ እንችላለን?» ሲል አስጠየቀኝ። አያ ጀመሩ። ምስጋና፣ ምርቃት፣ መሬቱ ከማን ወደ ማን እንደመጣ፣ ድሮ ያረሰው በሬ ስም ሳይቀር። የአገሬ ሽማግሌ ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ እንደሚያመጣው ማን ይነግረኛል? ግን ሚስተር ሆንግ ሰዓቱን አየ። አፈርሁባቸው። ገና እየተናገሩ ሳለ «ደስ ብሎኛል፣ እረሱት ይላሉ» ብዬ ቆረጥሁት።

ማክሰኞ

ትራክተር ፍለጋ ቡሬ። ሾፌሩ «ኮሪያኛ ይከብዳል?» አለኝ። ጉራዬን ነዛሁበት። ፊደላቸውን ንጉሥ እንዳሠራላቸው፣ ለታላቅ የሚነገርበት አነጋገር ለብቻው እንደሆነ፣ ግሡ እንደኛው መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ሰው ሳይጨርስ መተርጎም እንደማይቻል። አዲስ አበባ ያለው የቀጠረኝ የትርጉም ቢሮ የሰጠንን ሕግም ነገርሁት፦ አትጨምር፣ አትቀንስ። ይህን ሁሉ ስለፈልፍ የትናንቱ ትዝ እንኳን አላለኝም።

ረቡዕ

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ።

አያ ለቅሶ ሊደርሱ ሄደዋል። ትራክተሩ ማረስ ጀመረ። ከወንዙ አጠገብ ጥግ ላይ ሣር የለበሰ መደብ ነበር። ሚስተር ሆንግ «ያ ምንድን ነው?» አለኝ። «ምንም አይደል፣ ሣር ነው» አልሁት። ማንንም አልጠየቅሁም። ትራክተሩ ሄደበት፤ ከዚያም ሠራተኞቹ እንደ ኮሪያ ልማድ እርሻውን በጥቁር ላስቲክ ሸፈኑት።

የአያ ጎረቤት እትዬ ዘውዴ ውኃ ተሸክመው መጡ። ጀሪካኑን አስቀመጡና ላስቲኩን ገልጠው እጃቸውን አፈር ውስጥ ከተቱ። ሣሩ ሥር ያፈሉት የበርበሬ ችግኝ ነበር። ባላቸው ከሞተ ወዲህ መሬት የላቸውም። ጥጓን ለዘንድሮ የሰጧቸው አያ ናቸው። ዓመቱን የሚኖሩት በዚያች በርበሬ ነው። አልጮኹም። «ተሰማ ቃል ሰጥቶኝ አልነበር?» አሉ።

ሐሙስ

በባጃጅ ብቻዬን አያ ዘንድ ሄድሁ። ሰፈሩ ሁሉ ተሰማ ለፈረንጅ ብሎ ቃሉን አጠፈ እያለ ነው። የሁለት ጎረቤት እርቅ ይዘው ነበር፤ ሌላ ሽማግሌ እንፈልጋለን ብለዋቸዋል። በዚህ ዕድሜያቸው!

«ነግሬሽ ነበር እኮ ልጄ» አሉኝ። «የዘውዴን ጥግ ብቻ አደራ እንዳትነኩ ብዬሻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ለሰው አይናገሩም?»

«ምን ልበል? የወንድሜ ልጅ አፌን ዘጋችኝ ልበል?»

አንጀቴን በሉት። እሳቸው ስሜን ሊሸፍኑ ስማቸውን ሰጡ። እኔ ዘመዴ ናቸው ማለት አቅቶኝ ነበር።

ዓርብ

አልተናገርሁም። ልናገር ብዬ ወጣሁ፣ አልተናገርሁም።

ሚስተር ሆንግ ተቆጥቷል። «ሽማግሌው ለምን ደበቁን? እንሂድና ጠይቂያቸው» አለኝ። የእኔን ጥፋት እሳቸውን በእኔ አፍ ልጠይቅ! ዓይኔን በጨው አጥቤ ራሴን አሞኛል አልሁት። እውነት ከተናገርሁ ቢሮው ያባርረኛል። ካልተናገርሁ አያ በሰፈራቸው ቃል የሌለው ሰው ሆነው ይቀራሉ። ይህን ያህል ግልጽ ነገር ላይ ቀኑን ሙሉ ተጋድሜ ዋልሁ።

ቅዳሜ

እርሻው ላይ ሰው ተሰብስቦ ነበር። መጀመሪያ በኮሪያኛ ተናገርሁ። ሽማግሌው ነግረውኝ ነበር፤ ሳልሰማ የቆረጥሁት እኔ ነኝ፤ አጎቴ ናቸው፤ አፍሬባቸው ነው። ከዚያ ያንኑ በአማርኛ ለሰዉ። በአማርኛ ይብሳል። አያ መሬት መሬት ያዩ ነበር።

ሚስተር ሆንግ ወገቡን አጥፎ ለአያም ለእትዬ ዘውዴም ጎንበስ አለ። «የሚሉትን ሁሉ ንገሪኝ» አለኝ።

እትዬ ዘውዴ ያን ጊዜ አፋቸው ተከፈተ። «በየማለዳው ከወንዝ እየቀዳሁ ያፈላሁት ነው በይው! የፈረንጅ ይቅርታ ወጥ አይሠራልኝም በይው! ይቺ ልጅ ደግሞ ባለጌ ናት በይው! ትልቅ ሰው ሲናገር የማትሰማ፣ አጎቷን የካደች!» ትንፋሻቸውን ዋጥ አደረጉና «ይህንንስ ትቆርጪው ይሆን?» አሉኝ።

አልቆረጥሁም። ባለጌ የሚለውን ቃል በኮሪያኛ ፈልጌ አገኘሁለት።

«ይቺ ልጅ የሚሏት አንቺን ነው?» አለኝ ሚስተር ሆንግ።

«አዎ።»

«ቀጥዪ።»

ቀጠልሁ። በመጨረሻ ቡሬ ካለው ችግኝ ጣቢያ የደረሰ ችግኝ እንዲመጣላቸው፣ ጥጓም ከላስቲክ እንድትጸዳ ተስማሙ። ስለ እኔ የተባለ ነገር የለም። ሰዉ ሲበተን ከጎረቤቶቹ አንዱ አያን «ነገ ለእርቁ እንዳይቀሩብን» ሲላቸው ሰማሁ።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ችግኙን ይዘን ሄድን። ሚስተር ሆንግ ጥፋቴን ለቢሮው ጽፎ ልኮ እንደሆነ ልጠይቀው አልደፈርሁም።

እትዬ ዘውዴ መኪናው ድረስ መጡ። ቀድሜ ወርጄ የመጀመሪያውን ሣጥን በሁለት እጄ አቀረብሁላቸው።

«አንቺ ተይው» አሉኝ።

መልሼ አስቀመጥሁት። አያና ሾፌሩ አወረዱላቸው። እኔ በሩን ይዤ ቆምሁ። የማታው ዝናብ ሳይጥል ግን ችግኙ ሁሉ መሬት ገብቶ ነበር።