ስለ ጭስ ማውጫው ኮባና ስለ ጥላዬ መታሰር

መስከረም 11 ቀን 1975 ዓ.ም.
ሆሳዕና

ይድረስ ለተከበሩት የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ለጓድ አሳምነው፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልሁ፣ ከአብዮት በዓሉ ጭስ ወዲህ ሳልዎ ለቀቅ እንዳደረገዎት ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ የመዋዕለ ሕፃናቱ ወጥ ቤት ኃላፊ ጵርስቅላ፣ ዓይኔን ከመቆጥቆጡ በቀር ደህና ነኝ። ሂስ ማቅረብ ግዴታችን መሆኑን በየሳምንቱ ስለሚያስተምሩን፣ ይህችን ደብዳቤ በታላቅ አክብሮት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፌአለሁ።

፩ኛ. ስለ አዲሱ የእንጨት ምድጃ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የአንጋጫው ግንበኛ ጥላዬ ጭቃው ሁለት ሳምንት ሳይደርቅና በጭራሮ ቀስ ተብሎ ሳይሟሽ ይሰነጠቃል ቢልም፣ እርስዎ በስድስት ቀን ለበዓሉ እንዲደርስ በማዘዝዎ ጭቃም ትእዛዝ ማክበር እንዳለበት ተምረናል።

፪ኛ. ጥላዬ ዝናብ እንዳይገባ የጭስ ማውጫውን አፍ በእንሰት ኮባ ሸፍኖ አሰረው። እዚህ አገር ዝናብ ሲመጣ ሰውም ኮባ ነውና የሚደፋው፣ ማንንም አልገረመም። በበዓሉ ጠዋት የአውራጃው እንግዳ ወጥ ቤት ገብተው እንደተቀመጡ፣ መሰላሉን ተሸክሞ መጣና፣ «ጓድ ሊቀ መንበር፣ ማውጫው ተከድኗል፤ ሳይለኮስ አንዴ ልውጣ» አለዎት።

እርስዎም፣ «እንግዳ ከታች ተቀምጦ ማንም ከራሱ በላይ አይወጣም» አሉ። ዘቡም መሰላሉን ቀማው።

፫ኛ. ከዚያ ምድጃው ጢም ብሎ እንዲማገድ አዘው፣ በገዛ እጅዎ ክብሪት ጫሩ። ጭሱ መውጫ ቢያጣ ወደ እኛ ዞረ። ሕፃናቱን እየጎተትን አወጣን። ጎረቤቴ ትርፌ እንደምትለው እንግዳው በመስኮት ሲዘሉ አንድ ጫማቸው ከውስጥ ቀርቷል፤ እኔ አላየሁም፤ ማን ምን ያያል በዚያ ጭስ።

፬ኛ. ማውጫውን ሆን ብሎ ደፍኗል ተብሎ ጥላዬ «አሻጥረኛ» ሆኖ ከታሰረ ዛሬ ዘጠኝ ቀኑ ነው። ሚስቱ ገነቴ በየቀኑ ስንቅ ይዛ ከበር ትመለሳለች። ነገ ጠዋት ወደ አውራጃ ያሻግሩታል አሉ። ከዚያ በጤና የተመለሰ አንድ ሰው እንኳ ካለ፣ ስሙን ቢነግሩኝ ገነቴን አጽናናበት ነበር።

ስለሆነም መኪናው ሳይመጣ ጥላዬን እንዲለቁልን፣ እንዳይወጣ መከልከልዎንም ራስዎ እንዲመሰክሩ እማጸናለሁ።

ስለ ምድጃውም ስለ ትምህርቱም እጅ እየነሣሁ፣ በትእዛዝዎ እንጨቱን የማገድሁት፣

ጵርስቅላ

ማስታወሻ፦ መሰላሉ ሲቀማ ሠላሳ አንድ ሴቶች ቆመን አይተናል፤ ሁላችንም ከዚህ ሥር ፈርመናል። የቀበሌው እስር ቤት ከስምንት ሰው በላይ አይችልም ይባላልና፣ በየትኛው ተራ እንደምንገባ ያሳውቁን። እስክንመለስ የሕፃናቱን ምሳ እርስዎ ያበስላሉ፤ መለኮሱን እንደሆነ ያውቁበታል።