ዘጠነኛው ቆጠራ

ጥቅምት 7

የደም መቁጠሪያው ማሽን ዛሬም አልተነሣም። የጥገናው ሰውዬ መጣ፣ ክዳኑን ከፈተ፣ አፈጠጠበት፣ መልሶ ዘጋው። «ዕቃው እስኪመጣ...» አለና ሄደ። እስከዚያ ነጭ የደም ሴል በእጅ ነው። በማይክሮስኮፕ፣ አንድ በአንድ። ሃያ ስድስት ናሙና ቆጠርኩ። አንገቴ እንጨት ሆኗል።

የላቦራቶሪው ኃላፊ ግን ሠርግና ምላሽ ሆኖለታል። ከኋላችን እየዞረ «ድገሙ! ድገሙ!» ይላል። አባ ድገሙ ያልነው ወደን አይደለም።

ጥቅምት 11

ከአንድ ቱቦ፣ ከአንድ ሰው ደም፣ ሦስት ጊዜ ቀድቼ ቆጠርኩ። 52። 61። 47። ዓይኔ ነው ብዬ ተናደድኩ። ለአባ ድገሙ ወሰድኩለት።

«ጋሼ፣ እኔ እንጃ... ተበላሽቶብኛል።»

«ሦስቴም 52 ብታመጪ ነበር የምጠረጥርሽ።»

ሴሎቹ ፈሳሹ ውስጥ እንዳሻቸው ይንሳፈፋሉ አለ። መስታወቱ ላይ ስንት እንደሚወድቅ የሚያዝ የለም። የሚዋዥቀው ግን በልክ ነው። የቁጥሩን ስኩዌር ሩት ውሰጂ፤ ከፍም ሲል ዝቅም ሲል ብዙውን ጊዜ ያንን ያህል ነው። መቶ ከቆጠርሽ አሥር። ሃያ አምስት ከቆጠርሽ አምስት።

የሚያዝ ከሌለ ልኩን ማን ሰጠው? አልጠየቅኩትም። አሥረኛ ክፍል ሒሳብ የወደቅኩ ሰው ነኝ፤ ስኩዌር ሩት ሲባል ጥርሴን ያመኛል።

ጥቅምት 12

ቀኑን ሙሉ ያው። ማን ሰጠው?

ጥቅምት 15

ወንድሜ የመጀመሪያውን መድኃኒት ወሰደ። በየሦስት ሳምንቱ ነው። ከመውሰዱ በፊት ነጭ ሴሎቹ ይቆጠራሉ፤ በመቁጠሪያው መስታወት አራት ማዕዘኖች ላይ አርባ ከሞሉ ይሰጠዋል፣ ካልሞሉ ይጠብቃል። መድኃኒቱ ካንሰሩንም እነሱንም ስለሚገድል ነው፤ እነሱ ካለቁ ደግሞ ሌላ በሽታ የሚከላከልለት የለም።

ሶፋ ሠሪ ነው። ወንበሩ ላይ ተኝቶ መርፌው እጁ ውስጥ እያለ ስፌቱን ይመረምራል። «ይቺን የሰፋ ሰው ሰክሮ ነበር» አለኝ። ነርሷ ሳቀች።

«እትዬ፣ ደሜን የምትቆጥሪው አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«እንግዲያው እንዳትሰስቺ።»

ሳቅኩለት። ውስጤ ግን... አባታችን ሲታመም ሥራ አለብኝ ብዬ አልሄድኩም። ሳላየው ሞተ። አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ይኼ በሽታ የወንድሜ ሳይሆን የኔ ቅጣት ነው፣ መጥቶ የተሳሳተ ቤት ገባ እላለሁ። ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ጥቅምት 20

ሊደፋ የተቀመጠ አሮጌ ደም ነበር። ከምሳ በኋላ መቶ ትንንሽ ካሬዎች ቆጠርኩ። ማንም አላዘዘኝም። ለእያንዳንዱ ካሬ ባለመስመር ወረቀት ላይ አንድ ነጥብ። ሰባት ሴል ያለበት በሰባት ላይ፣ ስምንት ያለበት በስምንት ላይ...

መጀመሪያ ዝርክርክ ነበር። ስድሳኛው ላይ ጉብታ ሆነ። መቶኛው ላይ ቁልጭ ያለ ጉብታ፤ ወደ ቀኝ ጅራቱ ትንሽ ረዘም ያለ። በሌላ ሰው ደም ደገምኩት። ያው ጉብታ። ሁለቱ ሰዎች አይተዋወቁም። አንዷ አሮጊት ናት፣ አንዱ ወታደር።

ፈራሁ። ልጅ ሆኜ ሰዎች በአንድ ድምፅ ሲጸልዩ የሚሰማኝ ዓይነት ፍርሃት፤ ደስ የሚል። እያንዳንዷ ሴል በዘፈቀደ ትወድቃለች። ሁሉም አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ቃላቸውን የጠበቁ ይመስላሉ።

ጥቅምት 21

ለእማዬ ወረቀቱን አሳየኋት። መነጽሯን ፈልጋ አየችው።

«እግዜር ነዋ የሚበትናቸው። ሌላ ማን አለ?»

«እያንዳንዷን እሱ የሚያስቀምጣት ከሆነ ለምን አንዴ ሰባት፣ አንዴ አሥራ ሁለት?»

«አንቺ ልጅ ሥራ ፈትተሻል» አለችና ልብስ ማጠፏን ቀጠለች።

አልፈታሁም። እያሰብኩ ነው። ሴሎቹን ማንም ካላነጣጠራቸው... የወንድሜንም በሽታ በኔ ላይ ያነጣጠረው የለም ማለት ነው? ማንም እየቀጣኝ አይደለም? ከስንት ዓመት በኋላ ደረቴ ትንሽ ቀለለኝ። በሒሳብ! ማን ያምነኛል?

ኅዳር 6

የወንድሜ ደም መጣ። ባልደረባዬ «ስጪኝ፣ የቤተሰብ አይቆጠርም» አለችኝ። እምቢ አልኩ።

33።

የወንድሜ ሐኪም ያለችው ትዝ አለኝ፤ «ከዘገየን በሽታው ይቀድመናል።» እንደገና ቀዳሁ። 29። ጸለይኩ። 36። 31። 38! ልቤ ዘለለ። 34። 27። 35። ዓይኔን ጨፍኜ «አንድ ጊዜ ብቻ ስማኝ» አልኩ።

41።

ሰማኝ! መዝገቡ ላይ ጻፍኩት። ሌሎቹን የጻፍኩበትን ብጣሽ ወረቀት ቀድጄ ጣልኩት። ድገሙ ይል የለ? ደገምኩ።

ኅዳር 7

መድኃኒቱን ወሰደ። እማዬ ተንበርክካ አመሰገነች። እኔም አጠገቧ።

ኅዳር 15

ትኩሳት። ሠላሳ ዘጠኝ ተኩል። አስተኙት። ደሙን ባልደረባዬ ቆጠረችው፤ እኔን አላስጠጉኝም። ከአርባው ሦስት። ሦስት ብቻ።

ኅዳር 16

አባ ድገሙ ቢሮው ጠራኝ። መዝገቡ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል።

«ይቺን አርባ አንድ ስንት ጊዜ ቆጠርሻት?»

«ዘጠኝ።»

«ስምንቱስ?»

«ቀድጄ ጣልኳቸው።» ቢጮህብኝ ይሻል ነበር። አልጮኸም። «ድገሙ የምለው ሁሉንም እንድትጽፉት ነው» አለ፣ «እንድትመርጡ አይደለም።» በቃሌ የማስታውሳቸውን አስቆጠረኝ። ደመረ፣ ለዘጠኝ አካፈለ። ሠላሳ አራት ገደማ።

ስለ ልኩ ያስተማረኝን ረስቼው ነበር? አልረሳሁትም። እንዳላስታውሰው ፈለግኩ።

ሐኪሟ ጋ ሄጄ ተናገርኩ። ብዕሯን አስቀመጠች። «በአርባውም ሊወድቅ ይችል ነበር። ባንሰጠው ደግሞ በሽታው... አላውቅም። ግን በሠላሳ አራት አልሰጠውም ነበር።»

ሴሎቹን ማንም አልበተናቸውም። 41ን የመረጠው ግን ማነው? እኔ። ይኼን በማንም ላይ ማላከክ አይቻልም።

ኅዳር 18

ለወንድሜም ነገርኩት። በየቃሉ መሀል ትንፋሽ ይፈልጋል።

«ዘጠኝ ጊዜ?»

«ዘጠኝ።»

ጣሪያውን አየ። «አንቺ ሴትዮ... ዓይንሽ አይደክምም?»

ማልቀስ ጀመርኩ። «ተይ። ተናድጃለሁ እኮ። በጣም ነው የተናደድኩብሽ።» እንደገና ትንፋሽ። «ሌላ ሰው ግን አንዴ ቆጥሮ ነበር የሚያልፈኝ።»

ውሃ ጠየቀኝ። አጠጣሁት።

ኅዳር 21

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ። ወንድሜ።

ታኅሣሥ 19

ከመቁጠሪያው አነሡኝ። መስኮቱ ጋ ነኝ አሁን፤ ቱቦ እቀበላለሁ፣ ስም እለጥፋለሁ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ትክክል ነው፣ አልከራከርም።

ለእማዬ ነገርኳት። ስምንት ቀን አላናገረችኝም። በዘጠነኛው «እራት አልበላሽም» አለችኝ። ያ ብቻ።

አባ ድገሙ ሽፋን የሌለው መጽሐፍ አምጥቶ መስኮቱ ላይ አስቀመጠልኝ። ሒሳብ። ስለ ዕድል ስሌት።

«ጋሼ፣ ከሠራሁት በኋላ እንዴት ይሰጡኛል?»

«ስለሠራሽው ነው» አለና ሄደ።

ታኅሣሥ 27

ገጽ 14። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ገባኝ።

ጥር 4

የምሳ ሰዓት አይበቃኝም። አውቶቡስ ውስጥ፣ ወረፋ ላይ፣ በሽተኛ ሲጠብቅ... ሒሳቡ እንደ ፍቅረኛ ሆኖብኛል። የወንድሜ ልብስ ገና ቤት ተሰቅሎ።

ጥር 10

ብቻዬን ሠራሁት። እውነተኛው ቁጥር 34 ከሆነ አርባና ከዚያ በላይ በስንት ጊዜ አንዴ ይመጣል? አራት ገጽ ሙሉ ማባዛትና መደመር። ከስድስት አንዴ ገደማ። እንግዲህ የማይመጣበት ዕድል አምስት ስድስተኛ ነው። ዘጠኝ ጊዜ ተከታትሎ የማይመጣበትስ? አምስት ስድስተኛን በራሱ እያባዙ ዘጠኝ ጊዜ። ከመቶ አሥራ ዘጠኝ።

ስለዚህ ከመቶ ሰማንያ አንድ ይመጣል። ለጸለየም፣ ላልጸለየም። መቁጠር ላላቆመ ሰው ሁሉ። እኔ ተሰማሁ ብዬ ተንበርክኬ ያመሰገንኩት ለዚህ ነው።

ለጋሼ አሳየሁት። በእርሳሱ ጫፍ መስመር በመስመር ወረደ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ቆመ። አለፈ። «ትክክል» አለ።

በሒሳብ ትክክል ስባል በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። ደስ አለኝ። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ወዲያው መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ውብ ነው። በምንም አይደለልም፣ እኔንም አይጠላም። አሁንም እጸልያለሁ። ቁጥር ግን አልለምንም። ዝም ብዬ እቀመጣለሁ።

ወንድሜ ቢኖር «ታዲያ ይኼ እንዲገባሽ እኔ መሞት ነበረብኝ?» ይለኝ ነበር። እየሳቀ። ከሰዓት በኋላ፣ መስኮቱ ጋ ሰው ሲቀንስ፣ ቀጣዩን ምዕራፍ ጀመርኩ።