የኮምፔንሳቶው ቤተ መንግሥትና የእናቴ ግድግዳ

ለተከበሩ የቅርስ ጥበቃ ቢሮ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ የቢሮዎ የአየር ማቀዝቀዣም በሙሉ ጤንነት ላይ እንድትገኙ ከልብ እመኛለሁ። ማቀዝቀዣውን መጨመሬ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ፤ ባለፈው ጉዳያችንን ልናስረዳ መጥተን እርስዎን ለማግኘት ባንታደልም፣ ከበሩ ውጭ ቆመን እስኪመሽ ድረስ ድምፁን ስላዳመጥን ከእሱ ጋር እንደተዋወቅን ቆጥረነዋል።

እኔ ከአሮጌው መናኸሪያ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ልብስ እየሰፋሁ የምተዳደር ሴት ነኝ። እናቴ ደግሞ ከከተማው በጭነት መኪና ግማሽ ቀን ተሂዶ በሚደረስበት የበረሃ ሐይቅ ዳር ብቻዋን የምትኖር፣ ጨው የሚጭኑ ሹፌሮች «እትዬ ጥላ» የሚሏት አሮጊት ናት። ስሙ የወጣላት በዚያ ሁሉ ሜዳ ላይ ከፀሐይ ሸሽተው የሚቀመጡበት በረንዳ የእሷ ብቻ ስለሆነ ነው። ቢሮዎ በቅርቡ ባወጣው ማስታወቂያ ይህ የእናቴ ቤት «ለፊልም ቀረጻ ተሠርቶ የተተወ፣ ነዋሪ የሌለበት ቅሪት» ተብሎ እንዲፈርስ፣ ከጎኑ የቆመውና በእርግጥም ለፊልም ቀረጻ ተሠርቶ የተተወው ቅሪት ደግሞ «ጥንታዊ ቤተ መንግሥት» ተብሎ በክብር እንዲመረቅ ወስኗል። እንኳን ደስ አለዎት! እውነተኛውን ውሸት፣ ውሸቱን እውነተኛ አድርጎ በአንድ ቀን ጉብኝት ለመጨረስ እንደኛ ያለ ተራ ዓይን አይበቃም።

ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥር የሌለው አቤቱታ ወደ ውስጥ አይገባም ብሎ የበር ዘበኛዎ መክሮኛልና።

አንደኛ፣ የቤተ መንግሥቱን ዕድሜ በተመለከተ። ባለሙያዎችዎ የየትኛው ሥልጣኔ ሥራ እንደሆነ ገና በማጥናት ላይ መሆናቸውን በሬዲዮ ስለሰማሁ ድካማቸውን ላቀልላቸው ብዬ ነው። የተሠራው እኔ ልጃገረድ ሳለሁ ነው። አንድ የፊልም ቡድን መጥቶ አጣና አቆመ፣ በአጣናው ላይ ኮምፔንሳቶ መታ፣ በኮምፔንሳቶው ላይ ጀሶ ለቀለቀ፣ ቀለም ረጨ፣ በአንድ በጋም ታላቅ ከተማ ቆረቆረ። በራፉ ላይ ያለውና ባለሙያዎችዎ ባርኔጣቸውን ያወለቁለት የንጉሡ ሐውልት ራስ አዲስ ቴሌቪዥን ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ ከሚመጣው ነጭ ፎም የተቀረጸ ነው። እኔ ራሴ የንጉሡን ወታደሮች ካባ ጫፍ ስዘመዝም ከርሜአለሁ፤ ልብስ ሰፊ የሆንኩትም ከዚያ ወዲህ ነው። ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ የዚህ ሥልጣኔ የመጨረሻዋ ሰው ዛሬም በሕይወት አለች፤ ሱሪ ማሳጠር ከፈለጉ ብቅ ይበሉ።

እናቴም በፊልሙ ውስጥ ድርሻ ነበራት። ከተማዋ በጦርነት ስትወድቅ የሞተች ሴት ሆና መንገድ ላይ እንድትተኛላቸው ለመኗት። እሺ ብላ ተኛች፤ ፈረሱ ሁሉ እየጋለበ፣ አቧራው እየጨሰ ሳለ ግን የጣደችው ድስት ትዝ ቢላት ሬሳዋ ተነስታ ወደ ቤቷ እየሮጠች ገባች። ያን ሁሉ ሠራዊት መልሰው አሰልፈው እንደገና አስተኟት፤ ድስቱም አረረ። ይህን የማነሳው ክቡርነትዎን ላስቅ ብዬ አይደለም፤ በቢሮዎ ማስታወቂያ እናቴ ለሁለተኛ ጊዜ እንደ ሞተ ሰው ስለተቆጠረች ነው። የፊልሙ ሰዎች ግን ቢያንስ አስፈቅደዋት ነበር።

እውነት ለመናገር ለቢሮዎ ስህተት መነሻ የሚሆን ነገር አለ፣ አልክድም። የፊልሙ ሰዎች ለሥዕሉ እንዲያምርላቸው ብለው የቤታችንን ፊት በጀሶ ለቅልቀው ስንጥቅጥቅ አድርገውታል፤ ላዩንም በጥቁር ቀለም የተቃጠለ አስመስለውታል። ስንጨርስ እናጸዳዋለን ብለው ነበር፤ አንድ ቀን ጠዋት ስንነሳ መኪኖቻቸው የሉም። ፊልሙ ይለቅ፣ ይቅር፣ እስከ ዛሬ የምናውቀው ነገር የለም። እናቴ ጀሶውን በቢላዋ መፋቅ ጀምራ ክንዷ እምቢ ሲላት ተወችው። ስለዚህ ከመኪና መስኮት ለሚያይ ሰው የእኛ ቤት የውሸት ይመስላል፤ ከመኪና ወርዶ ግድግዳውን በእጁ የዳሰሰ ሰው ግን እንዲህ ያለ ጉድ አይገጥመውም ነበር።

ሁለተኛው ቅሬታዬም ይኸው በእጅ አለመዳሰስ ነው። ባለሙያዎችዎ በነጫጭ መኪኖች ተከታትለው መጡ፣ የምትበር ካሜራ አስነሱ፣ ቤተ መንግሥቱን ራቅ ብለው ዞሩት፣ ራቅ ብለው አደነቁት። የቡድኑ መሪ፣ እናቴ «ባለ ባርኔጣው» የምትላቸው ሰው፣ ቅርስ በእጅ አይነካም የሚለውን የቢሮዎን ደንብ በጥብቅ አስከበሩ። ደንቡን አደንቃለሁ። ቅርስ የሆነው ነገር እንዳይጎዳ አይነካም፤ ቅርስ ያልሆነውን ደግሞ ምን ሊሆኑ ብለው ይነኩታል? በዚህ መልኩ አንድም ጣት ሳይቆሽሽ ሁለት ውሳኔ ተወሰነ። የእናቴ ግድግዳ ላይ «ይፈርሳል» ብለው በቀይ የጻፉት እንኳ ከሩቅ በሚረጭ ቀለም ነው። ነዋሪ የለበትም የሚለውን የመዘገቡትም በነዋሪዋ በረንዳ ላይ ተቀምጠው፣ ከነዋሪዋ ጀሪካን ውሃ እየጠጡ ነው፤ ውሃው ቀዝቃዛ ነው ብለው ማመስገናቸውን ግን ሳልጠቅስ አላልፍም።

እናቴ ዝም አላለችም። ለዓመታት ልብስ ስታሰጣበት የኖረችውን ምሰሶ ከቅርብ ታውቀዋለችና፣ ልጆቼ እንጨት ነው፣ እስቲ አንዴ በጡጫችሁ ኳ አድርጉት ብላ በወጉ ለመነቻቸው። ባለ ባርኔጣው ትከሻዋን በርኅራኄ ቸብ አድርገው፣ እማማ ይህ የአባቶችዎ ሥራ ነው፣ ይኩሩበት እንጂ እንዲህ አያቃልሉት አሏት። የእናቴ አባት ዕድሜ ልኩን ጨው ሲቆፍር እንጂ ኮምፔንሳቶ ሲለጥፍ አልታየም። ይልቅ እሷ እስከ ዛሬ የሚቆጫት፣ ልብሷን ከምሰሶው ላይ አንሺ ተብላ እርጥቡን ማንሳቷ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ምስጢር ልጨምርልዎ። ያቺ የምትበር ካሜራ ከቤተ መንግሥቱ ጀርባ ፎቶ አንስታው፣ ባለ ባርኔጣው በሬዲዮ «የጥንት ሰዎች የገመድ ምሕንድስና» ያሉት ነገር የእናቴ ሥራ ነው። የሐይቁ ነፋስ ሲነሳ ያ ሁሉ ሳንቃ ወደ ፊት፣ ማለትም ወደ ቤታችን ጣሪያ ያዘነብላል። እናቴ በየዓመቱ የነፋሱ ወራት ከመግባቱ በፊት ጫፉን በገመድ ወደ ኋላ ስባ ከሐይቁ ድንጋዮች ጋር ታስረዋለች፤ እግሩንም በጨው ጆንያ ትጫነዋለች። ለሥልጣኔው ካላት ፍቅር አይምሰልዎ፤ ተኝታ ሳለች ንጉሡ ከነዙፋኑ እንዳይወድቅባት ነው። ገመዱ ሹፌሮቹ የሰጧት ሰማያዊ ናይለን መሆኑ ባለሙያዎችዎን ትንሽ እንኳ አለማሳሰቡ ግን እጄን በአፌ አስጭኖኛል።

ሦስተኛ፣ ስለላኩልን የጥበቃ ሠራተኛ አመሰግናለሁ። ጨዋ ሰው ነው። ቤተ መንግሥቱን ቀን ከሌት እንዲጠብቅ፣ እዚያው ውስጥ እንዲያድር ታዝዞ ስለመጣ፣ ፍራሹን ተሸክሞ በታላቁ በር ገባ፤ ገብቶም ራሱን ውጭ አገኘው፤ ከበሩ ወዲያ ያለው ሐይቁ ብቻ ነውና። ጥቂት ቆሞ አሰበ፣ ፍራሹን እንደተሸከመ ተመልሶ ወጣ፣ የእናቴንም በር አንኳኳ። ከዚያን ቀን ወዲህ የሚያድረው ነዋሪ በሌለበት ቤት፣ የሌለችው እናቴ የሠራችውን ራት እየበላ ነው። አንድ ቀን ደክሞት ምሰሶውን ደገፍ ቢል ክርኑ ስምጥ ብሎ ገባ፤ ደንግጦ አሮጌ ሹራቡን ጠቅጥቆ በላዩ ጭቃ መረገበት፤ ይህም ለቅርሱ የተደረገ የመጀመሪያው ይፋዊ ጥገና መሆኑ ነው። ለምን ለአለቆችህ አትናገርም ብዬ ብጠይቀው፣ እንጀራ የሆነኝን ነገር የለም ልበል እንዴ እቴ ብሎ ሳቀብኝ። ኋላ ግን እሱው ራሱ ጻፊው፣ እትዬን ከሚያፈርሱባት እኔን ያባርሩኝ አለኝ። ቢያባርሩት ደግሞ ከመሥሪያ ቤትዎ ቅርሱን የነካውን ብቸኛ ተመራማሪ ማባረርዎ እንደሆነ ይወቁት።

አራተኛ። እዚህ ላይ ትሕትናዬ ቢጎድል ይቅር ይበሉኝ፤ እስካሁን የያዝኩት በግድ ነው። ያንን ግድግዳ የሠራው አባቴ ነው። ድንጋዩን ከሐይቁ ዳር ፈልጦ፣ በትከሻው ተሸክሞ፣ አንድ በአንድ ደርድሮ ነው ያቆመው። ሲጨርስ ኖራው ሳይደርቅ ከበሩ በስተቀኝ መዳፉን አሳረፈበት፤ እናቴም ከጎኑ መዳፏን አሳረፈች። አባቴ የሞተው በዚያው ቤት ነው። እናቴ የፊልሙን ጀሶ ስትፍቅ የጀመረችው ከዚያች ቦታ ነው፤ ዛሬም ማለዳ ስትወጣ እጇን መዳፉ ላይ ሳታሳርፍ ከበረንዳው አትወርድም። ባለ ባርኔጣው ያንን ምልክት ከተቀመጡበት ሆነው አይተው የፊልም ሠሪዎቹ ማስዋቢያ ነው ብለው ለረዳታቸው አስረዱ። እናቴ ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም። እኔ ግን መኪናዬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ የልብስ መስፊያ መኪናዬን ማለቴ ነው፣ እንደ እርስዎ ያለ መኪና የለኝም። ከዚያም ተናደድኩ፤ እስካሁንም ንዴቴ አልበረደም።

አምስተኛ፣ ለእናቴ ምትክ ቤት ብንጠይቅ፣ ነዋሪ ላልነበረበት ቤት ምትክ አይሰጥም ተብለናል። የማይካድ ነው። መልስ ስለሰጡን እናመሰግናለን።

ክቡር ሆይ፣ እንግዲህ ልመናዬ አንድ ነው፣ ቀላልም ነው። ከምረቃው በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ብቅ ይበሉና ከመኪናዎ ይውረዱ። መጀመሪያ መዳፍዎን በቤተ መንግሥቱ ምሰሶ ላይ ያሳርፉ፤ ቀስ ብለው ታዲያ፣ ሹራቡ እንዳይወጣ። ከዚያ ጥቂት ተራምደው ያንኑ እጅዎን በእናቴ ግድግዳ ላይ ያሳርፉ። ሌላ ጥናት አያስፈልግዎትም። እናቴ ደግ ናት፤ እጅዎን የሚታጠቡበት ውሃም ታቀርብልዎታለች።

ጥንት ያልነበረውን ሥልጣኔ ለትውልድ ሲያቆዩ ዛሬ ያለችውን እናቴን ለዘነጉት ለታላቁ ቢሮዎና በእሱ ላይ ለተሾሙት ለክቡርነትዎ ያለኝን የማያልቅ አድናቆት እየገለጽኩ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ።

የፈረሰው መንግሥት የካባ ዘምዛሚ፣
የሌለችው የእትዬ ጥላ ልጅ

ሳልረሳው፦ ማስታወቂያዎ ማንም ሰው ቅርሱን እንዳይነካ፣ የግል ንብረቱንም በቅርሱ አካባቢ ትቶ እንዳይሄድ ያዝዛል። እናቴ ሕግ አክባሪ ናት። በቆረጡላት ቀን ስትወጣ የጨው ጆንያዎቿን ከቤተ መንግሥቱ እግር ሥር አንስታ፣ ሰማያዊውን ገመድም ፈትታ ትወስዳለች፤ ዕቃዋን መኪና ላይ የምታስርበት ሌላ ገመድ የላትም። የምረቃው መድረክና የክቡራን እንግዶች ወንበር የሚሆነው በፈረሰው ቤታችን ቦታ ላይ፣ ከታላቁ በር ፊት ለፊት መሆኑን ሰምተናል። እዚያ አገር ነፋሱ የሚነሳው ከሰዓት በኋላ ነውና፣ እናቴ ንግግርዎን እንዲያሳጥሩት አደራ ብላለች።